«ታይፕራይተር አይደለም»፦ ምክንያቱን የማይናገር እምቢታ ታሪክ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚጭን ነጋዴ በስልኩ ብር ሲልክ «አልተሳካም» ቢባል ምን ይረዳ? ሒሳቡ አልበቃም? ኔትወርክ ጠፋ? ወይስ ብሩ ሄዶ መልሱ ብቻ ቀረ? ሦስቱም የተለያየ መፍትሔ ይፈልጋሉ፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። ይህ ጣጣ ከሞባይል ባንኪንግ በፊትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብስ ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። በዩኒክስ አንድ ፕሮግራም ፋይል መክፈት ሲፈልግ የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነልን፣ ይጠይቃል። ከርነሉ እምቢ ካለ ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል። 2 «ፋይሉ የለም»፣ 13 «ፈቃድ የለህም» ነው። 25 ደግሞ «ታይፕራይተር አይደለም» ነበር፤ በዘመኑ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው በቴሌታይፕ ነበርና። ፕሮግራሞች የሚጽፉበት ቦታ ተርሚናል መሆኑን ሲያጣሩ ይህች ቁጥር ትመዘገባለች። ኋላ ሌላ ነገር ሲበላሽ ያቺው የቆየች ቁጥር ትነበባለች። ኢሜይሉ ያልሄደለት ሰው «ታይፕራይተር አይደለም» ተብሎ ግራ የሚጋባው በዚህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ፖዚክስ የተባለው ደረጃ ነገሩን መልክ አስያዘው። ሆኖም ደረጃው አንድ ጥሪ ሁለት ጥፋት ካለበት ከርነሉ አንዱን ብቻ መርጦ እንዲመልስ ይፈቅዳል። ከርነልን የሚፈትሹ ሙከራዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በይፋት ማሾ እናስበው። የእርጥበት መለኪያው መሥራቱን ለማየት እርጥብም ድንጋይ የበዛበትም ጆንያ አቅርበን «አይገባም» ብንባል፣ ምን አወቅን? የጣለው ድንጋዩ ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ፋይልና የተበላሸ የሜሞሪ አድራሻ በአንድ ጥሪ የሚያቀርብ ሙከራም እንዲሁ ነው፤ «አለፈ» ይላል፣ ምን እንዳለፈ ግን አይታወቅም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በአንድ ሙከራ አንድ ጥፋት ብቻ ይኑር፣ ሌላው ሁሉ ትክክል ይሁን። የሚጠበቀው ቁጥር ራሱ መምጣቱ ይረጋገጥ። የፕሮግራምን ቅድሚያ የሚጠይቀው ጥሪ ደግሞ -1ን እንደ ስህተት ምልክትም እንደ ትክክለኛ መልስም ይሰጣል፤ ስለዚህ ከጥሪው በፊት የስህተቱ መዝገብ 0 ይደረጋል። የቆየችው 25 የምታስተምረውም ይህንኑ ነው።

ነገሩ የባለሙያ ቅንጦት አይደለም። በአንድሮይድ ስልካችን ውስጥ ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው። በሊኑክስ 11 «እንደገና ሞክር»፣ 28 «ቦታ ሞልቷል» ማለት ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ፕሮግራሙ በከንቱ ሲደክም ይኖራል፣ ወይም መሞከር ሲገባው ይተዋል።

እምቢ ማለት ነውር የለበትም። ሰውን የሚያንገላታው ምክንያቱን ያልለየ እምቢታ ነው። «ነገ ተመለስ» የለመደ የቢሮ መስኮት ሁሉ ይህን ከከርነል ሊማር ይገባዋል።