የዕውቀት ወንፈል

በምሥራቅ ጎጃም የግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲና በረድኤት ድርጅቶች ዘንድ «ኖውሌጅ ሼሪንግ» ሳይነሳበት የሚበተን ስብሰባ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛውን ያልወደደ ሰው «የልምድ ልውውጥ» ይለዋል። ይህኛው ግን ከአጠቃቀም ብዛት ትርጉሙ ጠቧል። የልምድ ልውውጥ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የኪራይ አውቶቡስ፣ ኮፍያ፣ ውሎ አበልና ሞዴል ገበሬው ማሳ ላይ የሚነሳ የቡድን ፎቶ ነው። አንዱ ያሳያል፣ ሌላው አይቶ ይመለሳል፤ ልውውጥ የሚያሰኘው ነገር የለም።

በእኔ በኩል «የዕውቀት ወንፈል» ቢባል እመርጣለሁ። በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የተሰማሩ ድርጅቶችና ገበሬዎች የደረሱበትን ዕውቀት በተራና በብድር፣ የሰጠ ሊቀበል፣ የተቀበለም ሊመልስ ተስማምተው የሚሰጣጡበት አሠራር ማለት ነው።

ለጎጃም ገበሬ ወንፈል ማብራሪያ አያሻውም። ከተሜው ግን ከደቦ ጋር ይቀላቅለዋል። ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ምግቡን አሰናድቶ ይጠራል፤ የመጣው በልቶ ጠጥቶ፣ ሠርቶ ይሄዳል፤ ቀን የሚቆጥር የለም። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ ማሳህ ላይ ሳርም ከዋልኩ አንድ ቀን አለብህ። አጨዳ በአጨዳ፣ ውቂያ በውቂያ ይመለሳል። የታመመ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል እንጂ ዝም ብሎ አይቀርም። የቀረ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ወንፈል የሚገባለት ያጣል። አብዛኛው የድርጅቶች ስብሰባ በዚህ ሚዛን ሲታይ ደቦ ነው፤ ያውም ምሳው ጥሩ የሆነ ደቦ።

የወንፈሉን ትርጉም በደንብ የሚያሳየው ከደምበጫ ከተማ በስተሰሜን ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ ነው። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በ1973 ዓ.ም. በጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሥር አንጀኒ ላይ ጣቢያ የተከፈተው በ1976 ዓ.ም. ነው። 113 ሔክታር የሚሆነው ይህ ተፋሰስ በዓመት በአማካይ ከ1,600 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ያገኛል። የወረደው ዝናብ፣ በምንጨት ወንዝ የሚያልፈው ጎርፍና ጎርፉ ተሸክሞት የሚሄደው አፈር ይለካ ጀመር። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ማሳዎቹ ላይ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ቃሉ የስዋሂሊ ነው፤ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣላል፣ ተዳፋቱም ከዓመት ዓመት ደረጃ እየያዘ ይሄዳል።

አፈሩን ያዘ። ገበሬው ግን ሌላ ነገር አየ። ዝናብ በበዛበት አገር ውኃው ከእርከኑ ጀርባ ይተኛል፤ እህሉም እዚያው ቢጫ ይሆናል። እርከኑ ከማሳው ላይ መሬት ይቆርሳል። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው መስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ መዞሪያ ያጥረዋል። እነዚህ ቅሬታዎች ተመራማሪዎቹ ስለ አንጀኒ በጻፉት ውስጥ ገብተዋል፤ አፈር መጠበቁ ብቻውን ምርት በቶሎ እንደማይጨምርም በዚያው ተጽፏል። የወንፈሉ ግማሽ ይህ ነው፤ መለኪያው ያላየውን ያየው በሬ የሚያዞረው ሰው ነበር። ሌላው ግማሽ ያጠራጥረኛል። ከምንጨት የተቀዳው ቁጥር የብዙ መመረቂያ ጽሑፎችና የጆርናል ጥናቶች መሠረት ሆኗል፤ አብዛኞቹም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ማሳውን ያስለካው ሰው ብድሩን በምን ተቀበለ?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው የጎዛምን ወረዳ ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ይካሄድ የነበረው የገጠር ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ይዞታ ምዝገባን የሞከረው እዚህና ደሴ ዙሪያ ነው፤ ኋላ አሠራሩ ክልሉን አዳረሰ። መዝጋቢው ቅጽና ሜትር ይዞ ይመጣል፤ ወሰኑ በየትኛው ድንጋይ፣ በየትኛው ጉድባ በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቀው ግን ጎረቤት ነው። ጎረቤት ቆሞ ካልመሰከረ የተለካው መሬት የማን እንደሆነ አይታወቅም። በምላሹም ገበሬው የይዞታ ደብተሩን እጁ አስገባ። ብድሩ የተመለሰበት ወንፈል ይህ ነው።

ተቋማቱን የሚያገናኝ መድረክ የለም ማለት አይደለም። ባለሙያዎች በምሕጻሩ «አድፕላክ» የሚሉት የግብርና ልማት አጋሮች ትስስር ምክር ቤት ምርምሩን፣ ኤክስቴንሽኑን፣ ዩኒቨርሲቲውንና ገበሬውን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ የተቋቋመ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ዓምድ ቢጨመር ደስ ይለኛል፦ ማን ምን ተቀበለ፣ መቼስ ይመልሳል? የጮቄ ተራራን አሲዳማ አፈር በኖራ ለማከም የሚሞክር ድርጅት ስንት ኩንታል እንደበተነ ብቻ ሳይሆን የትኛው ማሳ ላይ እንዳልሠራለት ለጎረቤት ድርጅት መንገር አለበት። ያልተሳካውን መናገር በለጋሽ ፊት ያስፈራል፤ ለጎረቤት ግን ከዚያ የሚበልጥ ብድር የለም።

ስያሜው የሚጎረብጥበት ቦታ አለ። ወንፈል የእኩዮች ነገር ነው፤ ቢሮና ገበሬ፣ ለጋሽና ተቀባይ እኩዮች አይደሉም። የባለሙያው ቀንና የገበሬው ቀን በምን ይመዘናል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ጥያቄው ትክክል ነው፤ «ልውውጥ» ግን ይህን ጥያቄ ጭራሽ አያስነሳም።

አገባቡ እንደ ተለመደው ነው፦ ወንፈል ይገባሉ፣ ወንፈል ይመልሳሉ። «ዩኒቨርሲቲው ከወረዳው ጋር የዕውቀት ወንፈል ገብቷል» ይባላል፤ ውጤቱን ሳያሳውቅ የቀረ አጥኚም «የወረዳው ወንፈል አለበት» ይባላል።