በኑዛዜ ሰዓት የሚሰጥ አርነት

በአገራችን ስለ ነበረው የባሪያ ሥርዓት የሚመረምር ሰው፣ ቀደምቶቻችን ሰውን መግዛትና መሸጥ ነውር መሆኑን ከቶ አላወቁም የሚለውን አሳብ ይዞ ብዙ መንገድ ሊሄድ አይችልም፤ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዓረብኛ ተደርሶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ በ31ኛው አንቀጹ፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ በነጻነት አንድ መሆኑን፣ አንዱንም ለአንዱ ያስገዛው ጦርነትና የኃይል ብልጫ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ የጌታውን መብት ይደነግጋልና።

ይህ እውቀት የት ተቀምጦ እንደ ኖረ የሚገለጠው በሞት አልጋ አጠገብ ነው። ጌታው ታሞ ተስፋው በተቆረጠ ጊዜ የነፍስ አባቱ ከራስጌው ይቀመጣሉ፣ ምስክሮች ይጠራሉ፤ ርስቱ ለልጆቹ፣ በቅሎው ለደብሩ ከተነገረ በኋላ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ሲቀዱና እህል ሲፈጩ የኖሩት ሰዎች ለነፍሱ ቤዛ ነጻ እንዲወጡ ይናዘዛል። ለሥርየተ ኃጢአት ብሎ የሚለቅ ሰው፣ ይዞ መኖሩ ኃጢአት መሆኑን ልቡናው ያውቅ አልነበረምን? በእኔ እምነት ኅሊናው አልሞተም፤ ቀጠሮ ተሰጠው እንጂ። ቀጠሮውንም ያቀለለው የራሱ ደግነት ነበር፤ ባሪያውን አስጠምቆ፣ ክርስትና አንሥቶ፣ በዓውደ ዓመት አልብሶ፣ ራሱን ከርኅሩኆች ይቈጥር ነበርና፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበርና፣ ብቻውን አርነት የሚያወጣ ሰው ጉልበትም ክብርም የሚያጣ ይመስለው ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. በዓድዋ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል የባሪያ ንግድ ሲከለከል፣ ነውሩ በነጋዴው ላይ ወደቀ፤ ባለቤቱ ግን አልተነካም። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በዚያው ዓመት በመጋቢት የባሪያን ነጻነት አዋጅ አስነገሩ። ከባሪያ የሚወለድ ልጅ ነጻ ሆነ፤ አባትና እናቱ ግን ጌታቸው እስኪሞት፣ ከሞተም በኋላ እስከ ሰባት ዓመት ለወራሾቹ እንዲያገለግሉ ተፈቀደ። ሕጉ ራሱ የመኳንንቱን ልብ ስለሚያውቅ፣ አርነትን ከዚያው ከሞት አልጋ አላራቀውም። በ1923 ዓ.ም. ሰባቱ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ወረደ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የማንንም ሞት ሳይጠብቅ የባርነትን ሕጋዊነት ፈጽሞ ሻረው።

ይህ ሁሉ የተደረገው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሰዎች ይሉኝታ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሉኝታው እንደ ነበረ አልክድም። ነገር ግን ሰው በባዕድ ፊት የሚያፍረው፣ በስውር አስቀድሞ ባፈረበት ነገር ነው፤ በሚኮራበት ግብር ማንም ሊያሳፍረው አይችልም። ስለዚህ የውጭው ነቀፋ አዲስ ኅሊና አልፈጠረም፤ ለሞት ሰዓት የተቀጠረውን ኅሊና ወደ ሕይወት ዘመን አመጣው ብል ይሻላል።

የተሻረው ግን ባለቤትነት እንጂ ንቀት አልነበረም። ከአዋጁ በኋላም ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፣ ስለ ጥሎሽ ከመነጋገር በፊት የጠያቂው አጥንት እስከ አያት ቅድመ አያቱ ይመረመር ነበር፤ ጠባዩ የተመሰገነ፣ የተማረ፣ ሀብት ያፈራ ወጣት፣ አያቱ በአንድ ቤት ወፍጮ ሲፈጩ የኖሩ ናቸው ተብሎ በተሰማ ጊዜ፣ ቤተ ዘመዱ ምክንያቱን ሳይናገር ሽማግሌዎቹን ይመልስ ነበር። በባርነት ላይ ከወጡት አዋጆች አንዱም እዚህ ምክር ውስጥ መግቢያ አልነበረውም፤ ኑዛዜ የሚቀበሉት የነፍስ አባትም ይህን እንደ ኃጢአት ቈጥረው አይጠይቁም ነበር።