መሄድ ለተከለከለች ንብ የሚሰፈር ቀለብ

በአውሮፓ የንብ ማነብ መጻሕፍት ውስጥ የማይቀር አንድ ምዕራፍ አለ፤ ማር ከተቆረጠ በኋላ፣ ብርዱ ሳይገባ ለቀፎው ስኳር በጥብጦ ስለመስጠት የሚያወራው። ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ ይሟሟል፤ አንድ መንጋ ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ ስንቅ ይዞ ወደ በረዶው እንዲገባ ይደረጋል። ይህን ምዕራፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ገና ርዕሱ ላይ ይሰናከላል። «ለክረምት ማዘጋጀት» ብሎ ቢጽፍ የጎጃም ገበሬ የሚያስበው ሐምሌና ነሐሴን፣ ንቧ በዝናብ ታግዳ ከቀፎ የማትወጣበትን የጭጋግ ጊዜ ነው። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ተራራማ ቀበሌዎች ለሚያነባ ሰው ደግሞ ክረምት ማለት ፀሐዩ የሚለዝብበት፣ ቁርቁራ አብቦ ውድ ማር የሚሰጥበት መልካም ወቅት ነው፤ የእሱ መንጋ የሚያልቀው ሙቀቱ 45 ዲግሪ በሚያልፍበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስኳሩ ያው ስኳር፣ ንቧም ያቺው ንብ ሆና ሳለ ሦስቱ ሰዎች ጣሳቸውን የሚያነሱት በተለያየ ወር ነው። ስለዚህ ንብ መቀለብን ከብርድ ጋር ያቆራኘው ትምህርት የአንድ አካባቢ ትምህርት መሆኑን መጠርጠር ይቻላል። እኔ ከዚያ አልፌ እሄዳለሁ፤ ቀለብን የወለደው ብርድም ሙቀትም አይደለም። ቀለብ የተጀመረው ንብ ረሃብ ሲመጣ ተነሥታ መሄድ ስትከለከል ነው፤ ለዚህም ከዱባይ ጀርባ ያሉት ተራሮች ጥሩ ምስክር ናቸው።

ሐታ የዱባይ፣ መስፉት የአጅማን ግዛት ነው። ሁለቱም ከየከተማቸው ተነጥለው በሐጀር ተራሮች መሃል ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ የሻርጃዎቹ ኮርፋካንና ከልባ ደግሞ ከተራራው ማዶ በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ይገኛሉ። የዚህ አገር የጥንት ማር የሚገኘው ከቀፎ አልነበረም። ድንክ ንብ ከምትባለው፣ ከእኛዋ ንብ በጣም ከምታንሰው ዘር ነበር። ድንክ ንብ ጉድጓድ አትፈልግም። በቁርቁራ ወይም በግራር ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዳንዴም በዋሻ አፍ የመዳፍ ያህል አንዲት እንጀራ ታንጠለጥልና ማሩን ቅርንጫፉን በከበበው በላይኛው ክፍል ታከማቻለች። የአንድ ጎጆ ማር ከአንድ ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። አበባውና ጥላው ሲጠፋ መንጋው ማሩን በሆዱ ሞልቶ ይነሣል፤ አዲሱ ሰፈር ቅርብ ከሆነ ተመልሶ የአሮጌውን እንጀራ ሰፈፍ ሳይቀር እየቧጨረ ይወስዳል። እንዲህ ላለች ንብ ስኳር መበጥበጥ ለማንም አይታሰብም፤ የበጠበጠ ሰው ቢኖርም የሚሰጣት አያገኝም፤ ሄዳለች።

እዚህ ላይ ድንክ ንብ የዱር ንብ ናት፣ ከማነብ ታሪክ ምን አገናኛት የሚል ይኖራል። ግን በዚያው ተራራ ሰንሰለት፣ በኦማን በኩል፣ ሰዎች ያነቧት ነበር። በ1977 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ የንብ መጽሔት ታትሞ የወጣ ጥናት አሠራሩን መዝግቦታል። አናቢው የላይኛውን የማር ክፍል ቆርጦ ይወስዳል፤ እጭ ያለበትን የታችኛውን ክፍል በተሰነጠቀ እንጨት መሃል አጣብቆ ወደሚስማማት ስፍራ ተሸክሟት ይሄዳል፣ ወቅቱ ሲለወጥም እንደገና ያዛውራታል። ሰውየው ንቧን ከመሄድ አላገዳትም፤ መሄዷን ራሱ ተሸክሞ ፈጸመላት። በእጁ የነበረው እውቀት የትኛው ሸለቆ መቼ እንደሚያብብና የትኛው ዋሻ መቼ እንደሚቀዘቅዝ ማወቅ ነበር። ቀለብ የሚባል ነገር በዚህ እውቀት ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህ የንብ ብቻ ጠባይ እንዳልነበረ መታወስ አለበት። የባሕረ ሰላጤው ሰው ራሱ በበጋ ይሰደድ ነበር። ወንዱ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዕንቊ ለመጥለቅ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑና ሽማግሌው ከሚፋጀው የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በግመልና በአህያ ወደ ውስጥ አገር የተምር ጓሮዎች፣ ወደ ሻርጃው ዘይድ፣ ወደ ሐታ፣ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ይጓዝ ነበር፤ ይህን የበጋ ጉዞና የሚያርፉበትን ስፍራ በዐረብኛ መቂዝ ይሉታል። በ1966 ዱባይ ነዳጅ አገኘች፤ መብራትና የአየር ማቀዝቀዣ ተስፋፋ፣ ጉዞው ቆመ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳርቻው ነዋሪ ዓመቱን ሙሉ ካለበት ሳይነቃነቅ የሚበላው በመርከብ ይመጣለታል። በሣጥን የሚነባው የንብ እርባታ በዚህ አገር የተስፋፋው በዚሁ የመርጋት ዘመን መሆኑ ለእኔ እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር አይመስለኝም።

ሣጥኑ የመጣው ከሩቅ ነው። አሜሪካዊው ላንግስትሮት እየተነሣ የሚመለስ ፍሬም ያለውን ቀፎ ያገኘው በ1851 ነው። በ1865 ሩሽካ የተባለ የኦስትሪያ የጦር መኮንን እንጀራውን ሳይሰብር ማሩን አሽከርክሮ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። በዚያው ክፍለ ዘመን ከሥር የሚወጣው የአውሮፓ ስኳር ረከሰ። ሦስቱ ሲገናኙ ለአናቢው አዲስ ሒሳብ ተከፈተለት፤ ውዱን ማር በሙሉ ወስዶ ርካሹን ስኳር መተካት። ከዚህ በፊት በገለባ ቀፎ ዘመን የእንግሊዝና የጀርመን ገበሬ መጸው ሲደርስ ቀፎዎቹን በእጁ ይመዝን ነበር። ከባዶቹን ለማራቸው ሲል፣ ቀላሎቹን ደግሞ ብርዱን አይሻገሩም ብሎ በድኝ ጭስ ይገድላቸዋል፤ ለከርሞ የሚያልፉት መካከለኞቹ ነበሩ። ይህን ልማድ ችላ ብሎ የሚያልፍ ሰው የመጸው ቀለብን ከጥንት የወረደ ርኅራኄ አድርጎ ይተርካል። በረዶ በነበረበት አገር እንኳ ደካማ መንጋ የተለመደ ዕጣው ሞት ነበር፤ ስኳሩ መደበኛ አሠራር የሆነው በኋላ ነው።

በእርግጥ ሮማውያን ይቀልቡ ነበር። ቫሮና ኮሉሜላ በእርሻ መጻሕፍታቸው የደረቀ በለስ ወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጣፋጭ የወይን ጭማቂ ነክሮ ለተራበ ቀፎ መስጠትን ይመክራሉ። ይህ ክርክሬን የሚያፈርሰው ይመስላል፤ ነገር ግን የተመከረው ለማን እንደሆነ መታየት አለበት። እነዚህ ጸሐፊዎች የሚያወሩት ስለ ባለርስቶች ቪላ ነው፤ ቀፎው በቤቱ ግድግዳ ጥግ የተደረደረ፣ ጠባቂ ባሪያ የተመደበለት፣ ተቆጥሮ የተመዘገበ ንብረት ነበር። በዚያው ዘመን ፕሊኒ በፖ ወንዝ ዳር ስላለች ሆስቲሊያ ስለምትባል መንደር ሲጽፍ፣ አካባቢው አበባ ሲያጣ ሰዎቹ ቀፎዎቻቸውን በጀልባ ጭነው ሌሊት ሌሊት ወንዙን ሽቅብ ይጓዙ እንደነበር ይነግረናል። ሁለቱም ዘዴዎች ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ጀልባ ያለው ንቡን ወደ አበባው ይወስዳል፤ ከግድግዳው መራቅ የማይፈልግ ባለርስት በለስ ይወቅጣል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከአገራችን የሚመጣው ነው። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ያለ አናቢ ዘመናዊ ሣጥን ሳያይ፣ ወንጂ በ1954 ስኳር ማምረት ሳይጀምር፣ ለንቡ በሶና ሽሮ ይበትን እንደነበር የሚናገር ይነሣል። ልማዱ አለ፤ አልክድም። በሶውና ሽሮው የሚተኩት የአበባውን ዱቄት፣ የእጩን ሥጋ የሚገነባውን ምግብ እንጂ ማሩን አይደለም፤ ከአውሮፓው ስንቅ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም። ዋናው ነገር ግን ልማዱ የት ነው የሚለው ነው። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተለሰነ ቀፎ ጓሮ ውስጥ ወይም ከቤቱ ጣሪያ ሥር በሚቀመጥበት አገር፣ አናቢው መንጋውን በስም የሚያውቀው ያህል የራሱ አድርጎ በሚቆጥርበት ስፍራ፣ መኖ መስጠት ትርጉም አለው። በከፋና በሸካ ደን ውስጥ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ሰው ግን ማሩን ቆርጦ መንጋው ቢፈልስ እምብዛም አይደነግጥም፤ ባዶውን ቀፎ በሰፈፍና በመልካም ሽታ አጥኖ ሌላ መንጋ እስኪገባ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ንብ ደግሞ ኮብላይ ናት፤ ረሃብ ወይም ጉንዳን ሲመጣባት እንደ አውሮፓዋ እጇን አጣጥፋ አትሞትም። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ቤት አጠገብ ያለችው ትቀለባለች፣ ዱር ያለችው አትቀለብም። የበሶው ምስክርነት ወደ እኔ ወገን ያጋደለ ይመስለኛል።

ወደ ኤምሬቶች እንመለስ። በሣጥን የሚነቡት የባሕረ ሰላጤው መንጋዎች አብዛኞቹ የአገሩ ተወላጆች አይደሉም። ለምሳሌ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ንብ በጥቅል ከግብጽ ይገባል፤ ኤምሬቶችም ከዚያው ይገዛሉ። የግብጽ ንብ ደግሞ የአውሮፓ ደም የተቀላቀላት፣ መርጋትን የለመደች ናት። ይህች ንብ በሐምሌ ምን እንደሚገጥማት ማየት ቀለቡን ያስረዳል። የእጩ ጎጆ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ካልሆነ እጩ ይበላሻል። ውጪው 45 ሲሆን ሠራተኞቹ አበባ ትተው ውሃ ይቀዳሉ፤ ጠብታውን በእንጀራው ላይ ዘርግተው በክንፋቸው እያራገቡ ቤቱን ያቀዘቅዛሉ። ማራገብ ጉልበት ነው፣ ጉልበት ደግሞ ማር ነው። የግራሩ አበባ በሰኔ ያበቃል፣ ቁርቁራው እስከ ጥቅምት አይከፈትም፤ መሃሉ ባዶ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር የበጋ ስኳር ከአውሮፓው የመጸው ስኳር ይቀጥናል፤ አንድ እጅ በአንድ እጅ ቢሆን ከምግብነቱ በተጨማሪ ውሃም ይሆናል። በአውሮፓ ወፍራም የሚደረገው ንቧ ብርዱ ሳይቀድማት ውሃውን አትንና ማተም ስላለባት ነው። አንዱ ከውሃ ጋር ሲታገል ሌላው ውሃ ይለምናል። ስኳሩን በተመለከተ ችግር የለም፤ ከ1995 ጀምሮ በጀበል ዐሊ ወደብ ከዓለም ታላላቆች አንዱ የሆነ የስኳር ማጣሪያ ይሠራል፤ ጥሬው የሚመጣው አገዳ ከሚበቅልባቸው ሩቅ አገሮች ነው። አንድ የአገዳ ማሳ ሳይኖራት ስኳር የምትልክ ከተማ፣ ንቧን ከግብጽ አምጥታ በአገዳ ብትቀልብ አያስደንቅም።

ስኳር የቀመሰ ቀፎ ማሩ ማር ነውን? ይህ ጥያቄ በዱባይ ገበያ ቀላል አይደለም፤ የተራራው የቁርቁራ ማር ዋጋው የታወቀ ነው፣ ገዢው ደግሞ ተጠራጣሪ። ጥርጣሬው መሠረት አለው። የአገዳ ስኳር ካርቦን ከአብዛኛው አበባ ካርቦን ይለያል፤ ቤተ ሙከራ ይህን ልዩነት ለክቶ ከ7 በመቶ በላይ የአገዳ ስኳር ያለበትን ማር ይጥላል። ነገር ግን ምርመራው የሚይዘው መቀለብን ሳይሆን ያለጊዜው መቀለብን ነው። ሐቀኛው አናቢ በነሐሴ ይሰጣል፣ ቁርቁራው ሳይፈነዳ ጣሳውን ያነሣል፣ የተረፈውን ስኳር ንቦቹ እስኪጨርሱት ይጠብቃል። ንጹሑንና ስኳር የገባበትን ማር የሚለዩት እንግዲህ ጥቂት ሳምንታት ናቸው፤ የድሮው የተራራ ሰው ስለ አበባ ቀን የነበረው እውቀት ዛሬ የሚያስፈልገው ጣሳ ማንሻውን ቀን ለማወቅ ነው።

ድንክ ንብም አልጠፋችም። እንዲያውም በ1985 ካርቱም ላይ ታየች፤ ከዚያም በሱዳን ተስፋፍታ ወደ ኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ ቆላ ተሻግራለች። በዱባይና በሻርጃ ከተማ ውስጥ በየአጥሩ ቁጥቋጦና በየሰገነቱ እንጀራዋን አንጠልጥላ ትታያለች። ማዘጋጃ ቤቶቹ የመንገድ ዳር አበባውንና ዛፉን ተጣርቶ በሚመለስ የፍሳሽ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣሉ፤ ግራሩ በደረቀበት ሐምሌ ከተማው ውስጥ አበባ አይጠፋም። ይህን ማንም ለንብ ብሎ አላደረገውም፣ ግን ቀለብ ካልሆነ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ልዩነቱ ቧንቧው የተዘጋ ቀን ይታያል፤ አጥሩ ላይ ያለችው ሰፈፏን ቧጭራ ትነሣለች፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ጣሳውን ትጠብቃለች።