ከእናት አልጋ እስከ ጥርስ ሀኪም

ጊዜው ጁላይ 26 ቀን 1947 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንያዛቸው)። ቦታው የዋሽንግተን ናሽናል ኤርፖርት። ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን ጋዜጠኞች “ቅድስት ላም” የሚል ቅፅል ስም ባወጡላት አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠዋል። አውሮፕላኗ የጦሩ ናት፣ ጉዞው ግን የቤተሰብ ነው። ሚዙሪ ያሉት የ94 ዓመት እናታቸው በሞት አፋፍ ላይ ናቸው። ትሩማን ግን አንድ ወረቀት ከኮንግረስ እስኪመጣላቸው ጠበቁ። መጣ፣ ፈረሙ፣ አውሮፕላኗም ተነሳች። እናትየው ልጃቸው ሳይደርስላቸው፣ ገና አየር ላይ እያለ አረፉ።

ያ ወረቀት የአሜሪካን አየር ኃይል ከምድር ጦሩ ነጥሎ ራሱን እንዲችል ያደረገው ህግ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ አየር ኃይሉ የተወለደው ለግል ጉዳይ ልትበር በተዘጋጀች የጦር አውሮፕላን ውስጥ ነው።

“ባለስልጣን ለግል ጉዳዩ በጦር አውሮፕላን ይሂድ ወይስ አይሂድ?” ብትሉኝ በአንድ ቃል መመለስ የሚከብደኝ ለዚህ ነው። ልጅን ከእናቱ አልጋ የሚከለክል ማን ጨካኝ አለ? ችግሩ ሁሉም ጉዞ ወደ እናት አልጋ አለመሆኑ ነው።

ጆን ሱኑኑን እንውሰድ። የፕሬዝዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ (የአባትየው) ፅህፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። በኤፕሪል 1991 ዋሽንግተን ፖስት እና ዩ.ኤስ. ኒውስ ጉዳቸውን አወጡት። ሰውየው በጦሩ ጄቶች ለግልና ለፓርቲ ጉዳይ ሲመላለሱ ከርመዋል። ቦስተን ወዳለው የጥርስ ሀኪማቸው ሄደዋል። በረዶ ላይ ሊንሸራተቱም ሄደዋል። የበረዶው ጉዞ ግን የተመዘገበው “የመንግስት ስራ” ተብሎ ነው!

ሱኑኑ ምን አሉ? “ለሀገር ደህንነት ስል ሁልጊዜ ከስልክ መራቅ የለብኝም።” ምክንያቱ ፈጽሞ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። የዋይት ሀውስ ሰው ባልታሰበ ሰዓት ሊፈለግ ይችላል። ግን እውነተኛ ምክንያት ለማይገባ ነገር ሲውል ነው ነገሩ የሚከፋው። ማንም ሊከራከረው አይደፍርማ።

ሂሳቡ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ሱኑኑ ለጉዞዎቹ ከ47 ሺህ ዶላር በላይ መለሱ፤ ለዚያውም ፓርቲያቸው አግዟቸው። ክፍያው የተሰላው ግን በመንገደኛ አውሮፕላን ትኬት ዋጋ ነው። ይህም በረራው በእርግጥ ከፈጀው አንድ አስረኛ ያህል ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል ወደሚባለው የበረዶ መዝናኛ የተደረገው አንድ ጉዞ ብቻ 86,330 ዶላር ወስዷል። ቀሪውን የከፈለው ጥርሱን ያላሳከመው፣ በረዶ ላይ ያልተንሸራተተው ግብር ከፋይ ነው።

ቡሽ መመሪያውን አጠበቁት። ሱኑኑ ግን አልተማሩም። በዚያው ዓመት በመንግስት ሊሞዚን ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ከጨረታ ቴምብር ገዙ። መኪናውን ባዶውን መልሰው እሳቸው በአንድ ኩባንያ ጄት ተመለሱ። በዲሴምበር ስልጣናቸውን ለቀቁ። ያስለቀቃቸው ይኼ ብቻ ባይሆንም ስማቸው ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ጄቱን ነው።

ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ ደግሞ ለምክር ቤቱ አፈጉባኤ የጦር አውሮፕላን ተፈቀደ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሪፐብሊካኑ ዴኒስ ሃስተርት ነበሩ፤ ያኔ ጩኸት አልነበረም። በ2007 ዲሞክራቷ ናንሲ ፔሎሲ ተተኩ። ቤታቸው ሳን ፍራንሲስኮ ስለሆነ ሳያርፍ የሚደርስ ትልቅ አውሮፕላን ያስፈልጋል ተባለ፤ ይሄኔ ጩኸቱ ቀለጠ። በእሳቸው ቦታ የመጡት ጆን ቤይነር በተራ መንገደኛ አውሮፕላን እንደሚበሩ አስታወቁ። አያችሁ? ለአንዱ ደህንነት የተባለው ለሌላው ቅንጦት ይሆናል፤ እንደ ጯሂው ፓርቲ ነው።

ስለዚህ እኔ “ለምን በረረ?” ከሚለው በፊት ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። “ስራ” ብሎ የመዘገበው ማነው? ማን ከፈለ? መዝገቡንስ እኛ ማየት እንችላለን? ሱኑኑ ሲጋለጡ ዋይት ሀውስ የበረራዎቹን ዝርዝር ለማውጣት ተገዷል። ዝርዝሩ ባይኖር፣ ጠያቂ ጋዜጠኛም ባይኖር፣ ቬይል እስከዛሬ “የመንግስት ስራ” እንደሆነች ትቀር ነበር።