ዜና ሐረግ ወፊደል

ዐምደ ጽዮን በነገሠ በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ዘዮሐንስ በጣና ባሕር ወዳለችው ክብራን ደሴት ተሻግረው ገዳም አቀኑ። ከዚያ ወዲህ በክብራንም፣ በዳጋ እስጢፋኖስም መጽሐፍ ሲጻፍ ኖረ። ጸሐፊው ብራናውን ይፍቃል፤ ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። ከመጽሐፉ ራስ ላይ ሐረግ ይጣላል፤ ቀይና ቢጫ ጥብጣብ እየተጠላለፈ ገጹን ከላይ ያጥረዋል፣ በግራና በቀኝም ይወርዳል። ሐረግ የፊደልን ስፍራ አይሻማም፤ ፊደልም የሐረግን።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም በጣና ዳር ባለችው በባሕር ዳር ከተማ ቆመ። በ1961 ዓ.ም. ዘመነ ማቴዎስ ኧርነስት ሐመርሽሚት የሚባል ሊቅ ከጀርመን አገር መጥቶ የደሴቶቹን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ። ሐረጉም ፊደሉም አብረው ተነሡ፤ ፎቶግራፍ አድልዎ አያውቅምና።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ በዘመነ ማቴዎስ፣ ነሐሴ 6 ቀን፣ በአሜሪካ አገር አይቢኤም ፒሲ የተባለውን ኮምፒውተር አወጣ። በውስጡ ለምልክት የተመደበው ቤት 256 ነበር። የፊተኛው እኩሌታ ለእንግሊዝ ፊደልና ለቁጥር ተሰጠ። ከኋለኛው እኩሌታ ደግሞ ከ179 እስከ 218 ያሉት 40 ቤቶች የመስመር ርስት ሆኑ፤ ነጠላው፣ ድርቡ፣ ነጠላና ድርብ የተጋቡበት፣ ማዕዘኑ፣ መስቀለኛው። ለሀ ግን አንድ ቤት እንኳ አልተረፈም።

ስለ ምን ቢሉ፣ ያን ጊዜ የማስታወሻ ቋት ውድ ነበር። የመስኮቱ ገጽ 25 ረድፍ በ80 ዓምድ፣ ማለት 2,000 ጓዳ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጓዳ አንድ ባይት ለምልክቱ፣ አንድ ባይት ለቀለሙ። ሠንጠረዥን ነጥብ በነጥብ ከመሣል ይልቅ መስመሩን እንደ ፊደል ቆጥሮ መደርደር ይረክስ ነበር።

በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ተነሡ። ነገር ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይታሰቡ። የእንግሊዝን ፊደል ሳይነካ በዚያ ጠባብ ቤት ሊተክላቸው የወደደ ሰው የመስመሩን ርስት መቀማት ግድ ሆነበት። ያ ጽሑፍ ፊደል ወዳልተጫነበት ኮምፒውተር በተሻገረ ጊዜም ቃሉ ጠፍቶ አጥሩ ይቀራል።

ሌላም ጣጣ ነበረ። በ1979 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ በወጣው፣ ቪጂኤ በተባለው የመስኮት ሥርዓት የእያንዳንዱ ጓዳ ስፋት 9 ነጥብ ነው፤ ፊደል በ8ቱ ይሣላል፣ 9ኛው ባዶ ይቀራል። ከ192 እስከ 223 ባሉት ቤቶች ብቻ ግን 8ኛው ነጥብ ወደ 9ኛው ይደገማል፤ አግድሙ መስመር ሳይቆረጥ እንዲቀጥል ነው። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ የገባ ፊደል እግሩ እስከ 8ኛው ከዘለቀ፣ ያላበቀለው ጭራ ይበቅልበታል።

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ለየአገሩ ፊደል ቁጥር የሚያድለው፣ ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት የመጀመሪያ መጽሐፉ ወጣ፤ መስመሮቹ በዚያው ገቡ። ርስታቸው ከ9472 እስከ 9599፣ 128 ቤት ነው። ፊደላችን ግን ስምንት ዓመት ደጅ ጠና። 1991 አልቆ 1992 ሲጠባ በሦስተኛው ዩኒኮድ 345 ምልክት ሆኖ ተመዘገበ፤ ሀ በ4608 ተቀመጠች። ፖሊቴክኒኩና በዚያው ከተማ የነበረው የመምህራን ኮሌጅ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑትም በዚሁ በ1992 ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ ነው።

እኔም ይህን ስጽፍ ከሐይቁ ዳር ተቀምጬ በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት የከተማዪቱን ስም አስነበብሁት። ባሕር ዳር አምስት ፊደል ናት፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። መስኮቱ ግን በ1973ቱ ሥርዓት ነበር የሚያነብ። ዳ ማለት 225፣ 139፣ 179 ነው። 225 የጀርመኖች ድርብ ኤስ ሆነ፤ 139 ሁለት ነጥብ የተሸከመ አይ ሆነ፤ 179 ግን │ ሆኖ በስሟ መካከል ቆመ።