የሰባተኛው ተማሪ ዕዳ፦ የአስማት ኮሌጅ ከሳላማንካ ዋሻ እስከ ዘመናዊው ልቦለድ

ወጣት ጠንቋዮች ኮሌጅ ገብተው ሲማሩ የሚተርከውና በእንግሊዝኛ በብዛት የሚታተመው ምናባዊ ልቦለድ፣ በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከወጣው «ሃሪ ፖተር» እንደ ተወለደ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት የቀደመ ሲሆን፣ እውነተኛውን ዩኒቨርሲቲ እንደ ጥላ እየተከተለ ያደገ ነው።

የሊዮኑ ንጉሥ አልፎንሶ 9ኛ በ1218 ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመባት በስፔኗ ሳላማንካ፣ በቅዱስ ቆጵርያኖስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ከሥሩ ያለውንም ምድር ቤት ሕዝቡ «የሳላማንካ ዋሻ» ይለው ነበር። ተረቱ እንደሚለው በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰይጣን ሰባት ተማሪዎችን ለሰባት ዓመት አስማት ያስተምራል፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ዕጣ ይጣጣላሉ፣ ዕጣው የወጣበትም የሁሉንም ዕዳ ሊከፍል እዚያው ይቀራል። ተረቱ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጋር መያያዙ ያለ ነገር አይመስልም፤ በኢትዮጵያ ስንክሳርም መስከረም 21 ቀን የሚዘከረው ቆጵርያኖስ፣ ገድሉ እንደሚያወሳው፣ ዮስቲና የተባለችውን ድንግል በአስማቱ ማሸነፍ ሲያቅተው አምኖ ሰማዕት የሆነ የአንጾኪያ አስማተኛ ነበርና።

ዕጣ ወጣባቸው ከሚባሉት ሁሉ ስሙ የገነነው ኤንሪኬ ደ ቪዬና (1384–1434) ነው። ሰውዬው በአንድ ትልቅ ጋን ውስጥ ይደበቃል፤ ሰይጣኑ ገብቶ ሲያጣው በተማረው አስማት የተሰወረ መስሎት በሩን እንደ ተከፈተ ትቶት ይሄዳል፤ ቪዬናም በዚያው ያመልጣል፣ ጥላው ግን ዋሻው ውስጥ ይቀራል። በታሪክ የሚታወቀው ቪዬና የቨርጂልን «ኤኔይድ» ወደ ካስቲልኛ የተረጎመ ባላባት ሲሆን፣ ሲሞት ንጉሥ ሁዋን 2ኛ መጻሕፍቱን ዶሚኒካኑ መነኩሴ ሎፔ ደ ባሪዬንቶስ እንዲመረምራቸው አዘዘ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተቃጠሉ። ስለ ሰውዬው አስማተኛነት የተነገረውን ሁሉ ያገነነው ከመጻሕፍቱ ይልቅ የቃጠሎው ጭስ ይመስላል።

ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ በ1615 ባሳተመው አጭር ኮሜዲ ደግሞ ዋሻው መቀለጃ ሆኗል፤ ማደሪያ ፍለጋ ደጅ የሚጠና አንድ ድሃ ተማሪ በሳላማንካ አስማት ተምሬአለሁ እያለ የቤቱን ጌታ ያሞኛል። የቆሎ ተማሪን፣ ማለትም በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ የሚማረውን የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ፣ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሰው ለመለየት አይቸገርም፤ ሕዝብ በማይሰማው ቋንቋ የሚያጠና ሰው፣ እየተራበም ቢሆን፣ መከበሩም መፈራቱም አይቀርምና።

በተረቱ ውስጥ ከሰባቱ አንዷ እንኳ ሴት አይደለችም። በመጽሐፍ የሚገኘው ጥበብ የወንድ ንብረት ነበረ፤ «አስማት» የሚለው የግዕዝ ቃል ራሱ «ስሞች» ማለት ሲሆን፣ ኃይሉ በተጻፉና በሚደገሙ ስሞች ላይ ያረፈ መሆኑን ያመለክታል። ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ በጥንቆላ ተከስሰው ከተገደሉት፣ በታሪክ ምሁራን ግምት ከ40,000 እስከ 60,000 ከሚደርሱት ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ክሳቸው ግን ከሰይጣን ጋር መዋዋል እንጂ መማር አልነበረም። በተረት ዓለም እንኳ ወንዱ ዋሻ ገብቶ ሲማር ሴቲቱ የምትታሰበው በእሳቱ አጠገብ ነበር።

ልቦለዱ ይህን ልማድ ወርሶ ቆይቷል። ኡርሱላ ለ ጉዊን በ1968 ባሳተመችው የመጀመሪያው የ«ኧርዝሲ» መጽሐፍ የሮክ ደሴት የአስማት ትምህርት ቤት ወንዶችን ብቻ የሚቀበል ነው፤ ጂል መርፊ በ1974 ያወጣችው የልጆች መጽሐፍ በአንጻሩ የሴት ልጆች የጥንቆላ አዳሪ ትምህርት ቤትን አሳየ፤ ሴቶቹ ገና ለብቻቸው ናቸው ማለት ነው። ጉዳዩን ፊት ለፊት የገጠመው በ1987 ቴሪ ፕራቸት ነበር፤ ኤስክ የተባለችው ልጅ ጠንቋዮቹ ወንዶች አንቀበልም ስላሏት ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው የምትገባው በአገልጋዮች በር፣ መጥረጊያ ይዛ ነው። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920፣ ካምብሪጅ ደግሞ በ1948 መሆኑን ለሚያስታውስ አንባቢ ቀልዱ ብዙም ቀልድ አይሆንበትም።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የተመለሰው የዕዳው ጥያቄ ነው። ኤሚሊ ጄራርድ በ1885 ስለ ትራንሲልቫኒያ እምነቶች ስትጽፍ፣ ከአሥር ተማሪዎች አሥረኛው ለሰይጣን የሚቀርበትን ሾሎማንስ የተባለ ትምህርት ቤት ጠቅሳ ነበር፤ ናኦሚ ኖቪክ በ2020 ይህንኑ ስም ወስዳ፣ መምህር የሌለበትና ጭራቆች ተማሪዎቹን የሚበሉበት ትምህርት ቤት ሠራች፣ ተራኪዋንም ሴት ልጅ አደረገች። ለወጣቶች በመጻፍ የምትታወቀው ሊ ባርዱጎ ደግሞ በ2019 ለአዋቂዎች ባወጣችው ልቦለድ ታሪኩን ወደ እውነተኛው ዬል ዩኒቨርሲቲ አመጣችው፤ ዬል ሴቶችን ለመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመረው በ1969 ሲሆን፣ በ1832 የተመሠረተው «ስከል ኤንድ ቦንስ» የተባለው ምስጢራዊ ማኅበሩ ሴት አባል ያስገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በልቦለዱ የእንዲህ ያሉ ማኅበራትን ሥርዓት የምትቆጣጠረው አንዲት ወጣት ሴት ናት። ዕጣው ግን በተማሪዎቹ መካከል አይጣልም፤ የአክሲዮን ገበያው ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱ የሚነበበው ከሆስፒታል የመጣ አንድ ሕመምተኛ ነው።