ትዋይላይት፦ የአንባብያን አስተያየት

ትዋይላይት አሜሪካዊቷ ደራሲ ስቴፈኒ ሜየር እ.ኤ.አ. በ2005 ለወጣቶች ያሳተመችው ምናባዊ ልብ ወለድ ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ ዝናብ በማይለያት የፎርክስ ከተማ፣ የ17 ዓመቷ ቤላ ስዋን ደም መጣጩን ኤድዋርድ ከለንን ታፈቅራለች።

አንባቢው ዛሬም ለሁለት እንደተከፈለ ነው። ወዳጆቹ የመጀመሪያ ፍቅርን ጭንቀትና ናፍቆት ከነትኩሳቱ አገኘንበት ይላሉ። ሙግቱ የሚከረው ግን ኤድዋርድ ሌሊት ሌሊት፣ ሳታውቅ፣ መኝታ ክፍሏ እየገባ ተኝታ የሚያያት ታሪክ ላይ ሲደርስ ነው። ገሚሱ ፍቅርና ጥበቃ ነው ሲል ገሚሱ ነውር ነው ይላል። የኋለኞቹ ሙግት ሚዛን ይደፋል፤ ፈቃዷን የጠየቃት የለምና።

ደራሲው ስቲቨን ኪንግ በ2009 የሜየርን አጻጻፍ በአደባባይ ነቅፏል፤ ለአንድ ትውልድ ልጃገረዶች እንደምትጽፍ ግን አልካደም።

ሌላው ወቀሳ ቤላ ሰው ካልደረሰላት ራሷን አታድንም የሚል ነው። ሜየር ለዚህ መልስ የሰጠችው በልብ ወለድ ነው። በ2015፣ መጽሐፉ 10 ዓመት ሲሞላው፣ የገጸ ባሕርያቱን ጾታ አገላብጣ ታሪኩን እንደገና ጻፈችው፤ በዚህኛው አደጋ የሚያንዣብብበት ቦ የተባለ ወንድ ልጅ፣ የምትደርስለትም ደም መጣጯ ኢዲዝ ናት።